የመዋኛ ገንዳ ፓምፕ ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም (ኮምቦልቻ)

ኡሙ_ሂባ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የግቢ መዋኛ ገንዳ ነው፣ ኮምቦልቻ። ልኩ 8 በ4 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.4። ፓምፑ ላይ የተጻፈው፦ 1.1 ኪሎዋት፣ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 7.2 አምፔር፣ ካፓሲተሩ (ሞተሩ እንዲነሳ የሚረዳው) 30 ማይክሮፋራድ 450 ቮልት።

ታይመሩ ማታ 12 ሰዓት ላይ ሲያበራው "እምምም" ይላል፣ ዘንጉ ግን አይዞርም። 20 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ዝም ይላል። ብሬከሩ አይወርድም። አስር ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ደግሞ ራሱ ይጀምረዋል። ያየው ባለሙያ ተቃጥሏል ይጠቅለል ይላል፣ የተቃጠለ ሽታ ግን የለውም። ሳላስጠቀልል ምን ምን ልፈትሽ? ካፓሲተር የሚለካ መልቲሜትር አለኝ። ውሃውም ቀለሙን መለወጥ ጀምሯል።

ቮልት_ደሴ፦
አብሽሪ እህትዓለም። አጉረመረመ ማለት ሞተሩ ድረስ መብራት ደርሷል፣ ዋናው ጥቅልልም አልተበጠሰም ማለት ነው። 20 ሰከንድ ቆይቶ ዝም የሚለው ውስጡ ያለው የሙቀት መከላከያ ስለሚቆርጠው ነው። ሲበርድ መልሶ ያገናኛል፤ አስር ደቂቃው የሱ ነው። መዞር ያቃተው ሞተር ከመደበኛው አምስት እጥፍ ያህል ይስባል፣ ያንቺው ወደ 35 አምፔር። ባለ 16 ብሬከር 35 አምፔርን ወዲያው አይጥልም፣ እስኪሞቅ ይታገሳል፤ ስለዚህ የሞተሩ መከላከያ ይቀድመዋል። ገና ስታበሪው ጧ ብሎ ቢወርድ ኖሮ የሚጠረጠረው ሾርት ነበር። የኧርዝ ሊኬጅ ብሬከሩ (መብራት ወደ መሬት ሲያፈስ የሚቆርጠው) ብቻውን ቢወርድ ደግሞ ውሃ የገባበት ሞተር ወይም የተላጠ ኬብል።

አሁኑኑ ታይመሩን አጥፊው። እንዲህ እየተነሳ እየተኛ ቢያድር ያኔ ነው በእርግጥ የሚቃጠለው።

ከዚያ መጀመሪያ ዘንጉን እይ። ብሬከሩን አውርደሽ፣ መስመሩ መሞቱን በመልቲሜትር አረጋግጠሽ (ቴስተር ካቻቢቴን ብቻ አትመኚ)፣ ከኋላ ያለውን የፋን መሸፈኛ ፍቺ። ብዙዎቹ ላይ የዘንጉ ጫፍ ለካቻቢቴ የሚሆን ስንጥቅ አለው፤ ከሌለው ፋኑን በእጅሽ አዙሪ። ያለ ጥል በእጅ መዞር አለበት። ምንም ካልነቃነቀ የታሰረ ነው፣ ካፓሲተር ብትቀይሪ አይረዳሽም። እየተንኳኳ ወይም እየፈጨ ከዞረ ኩሽኔታው አልቋል። ለስላሳ ከሆነ ወደ ካፓሲተሩ እለፊ።

አንድ ነገር፦ እያጉረመረመ ፋኑን በእንጨት ገፋ አድርገሽ አስነሺው የሚልሽ አይጠፋም። እርግጥ በዚያ ከተነሳ ካፓሲተሩ እንደሞተ ያሳያል። ግን ፋኑ ሲነሳ እንጨቱንም ጣትሽንም ይዞ ነው፣ በደቂቃ 2850 ዙር የሚዞር ነገር ነው። መልቲሜትር እያለሽ ምን አስቸኮለሽ።

ሐይቅ_ገንዳ፦
ዘንጉ ከታሰረ ሞተሩን ከመውቀስ በፊት የፊቱን ክዳን ክፈቺና ቅርጫቱን አውጪ። ግቢሽ ውስጥ ቁንዶ በርበሬ ዛፍ አለ? ያ ቀይ ፍሬው ቅርጫቱ ደህና ከሆነ አያልፍም። ቅርጫቱ ከሥሩ የተሰነጠቀ ከሆነ ግን ቀጥታ ኢምፔለሩ (እየዞረ ውሃውን የሚገፋው ክፍል) ውስጥ ይገባና በምላጮቹ መሃል እንደ ሽብልቅ ይቀረቀራል። መጀመሪያ ላይ ሲጠባ ይደክማል፣ ከዚያ ግፊቱ ይወርዳል፣ መጨረሻ ይታሰራል። በጣት አትጎርጉሪ፤ ወፈር ያለ ሽቦ ጫፉን ቆልምመሽ እየጎተትሽ አውጪ። ከመክፈትሽ በፊት ከገንዳው የሚመጣውንም ወደ ማጣሪያው የሚሄደውንም ቫልቭ ዝጊ፣ አለዚያ ፓምፑ ከውሃው ወለል በታች የተተከለ ከሆነ ገንዳው እላይሽ ላይ ይፈሳል።

ውሃውን በተመለከተ። ገንዳሽ 45 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ባለ 65 ፐርሰንቱን የዱቄት ክሎሪን (ካልሲየም ሃይፖክሎራይት) የምትጠቀሚ ከሆነ 70 ግራም ያህሉ የገንዳሽን ክሎሪን በሊትር በ1 ሚሊግራም ከፍ ያደርገዋል። ፓምፑ እስኪሠራ ድረስ ማታ ማታ 200 ግራም በፕላስቲክ ባልዲ ውሃ ውስጥ በጥብጠሽ ዙሪያውን እየዞርሽ አፍስሺ፣ በረጅም መጥረጊያም አማስዪው። ዱቄቱን ወደ ውሃው ጨምሪ እንጂ ውሃውን በዱቄቱ ላይ አትገልብጪ። ቀን አትጨምሪ፣ ፀሐይ ትበላዋለች። እዚያ ወባም አለና የቆመ ውሃ ዝም ብለሽ አትተይ። እስከዚያው ማንም አይዋኝ።

ጥቅለላ_ቤት፦
ቮልት_ደሴ ደህና ጀምሯል፣ ካፓሲተሩን እኔ ልቀጥል።

ካፓሲተሩ ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ጀርባ ላይ ወይም የገመድ ማሰሪያው ሳጥን ውስጥ ያለ ነጭ ወይም ግራጫ ሲሊንደር ነው። መብራት ከጠፋም በኋላ ቻርጅ ይይዛል። ብዙ ሰው ሁለቱን ጫፍ በካቻቢቴ ያገናኘዋል፤ ብልጭታው ጫፎቹን ይበላል፣ ካፓሲተሩንም ይጎዳል። ሽቦ የተቀጠለበት ባለ ክሩ አምፖል አስነኪው፣ ወይም 10 ኪሎ ኦም የሆነ ወፍራም ሬዚስተር ለጥቂት ሰከንድ። ከዚያ ቮልቱን ለኪና ዜሮ መሆኑን እይ። አንዱን ገመድ ከነቀልሽ በኋላ ነው ማይክሮፋራዱን የምትለኪው፤ ከሞተሩ ጋር እንደተያያዘ ከለካሽው ቁጥሩ ይዋሻል።

30 የተጻፈበት ከ28.5 እስከ 31.5 ካነበበ ደህና ነው። ከ27 በታች ቀይሪው። ሆዱ ካበጠ፣ ከሥሩ ዘይት ካፈሰሰ፣ ወይም ፕላስቲኩ ከተሰነጠቀ ሳትለኪም ቀይሪው።

ስትገዢ ተጠንቀቂ። አንደኛ፣ 450 ቮልት ይሁን። መስመሩ 220 ነው ብሎ ባለ 250ውን የሚሰጥ ሻጭ አለ፤ ሞተሩ ሲዞር ካፓሲተሩ ላይ የሚያርፈው ቮልት ከመስመሩ በላይ ነው፣ ቶሎ ይፈነዳል። ሁለተኛ፣ ጥቁሩን የማስነሻ ካፓሲተር አትውሰጂ። እሱ ለሰከንዶች ብቻ የተሠራ ነው፣ በቋሚነት ከተገጠመ ይፈነዳል። ሦስተኛ፣ 30 ከጠፋ ሁለት ባለ 15 ጎን ለጎን (ፓራሌል) ማሰር ይቻላል፤ በተከታታይ ካሰርሽው ግን 7.5 ይሆናል።

አራተኛውን ማንም አያየውም። ከማይክሮፋራዱ አጠገብ ክላስ የሚል ፊደል አለ። ዲ ማለት 1,000 ሰዓት፣ ሲ 3,000 ሰዓት፣ ቢ 10,000 ሰዓት ነው። በቀን 4 ሰዓት ለሚሠራ ፓምፕ ዲ ዓመት እንኳ አይሞላውም፣ ቢ ግን ወደ 7 ዓመት ይሄዳል። የዋጋ ልዩነታቸው የምሳ ነው።

ጥቅልሉን መለካትም ቀላል ነው። ካፓሲተሩን ነቅለሽ፣ ሦስቱን ጫፎች ጥንድ ጥንድ እያደረግሽ ኦም ለኪ። ሦስት ቁጥር ይወጣል፤ ትልቁ የሁለቱ ትንንሾች ድምር መሆን አለበት። አንዱ ጥንድ ምንም ካላነበበ ተበጥሷል። ከዚያ ከእያንዳንዱ ጫፍ ወደ ሞተሩ አካል፤ መልቲሜትሩ ምንም ማንበብ የለበትም። በሜጋ ኦም መለኪያ በ500 ቮልት ከተለካ ደግሞ ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም። እነዚህን ካለፈ ያ ሞተር አይጠቀለልም። እኔ ጠቅላይ ሆኜ ነው ይህን የምለው።

የጦሳ_ልጅ፦
ጋሼ ጥቅለላ፣ እኔ ጋር ያለው ደግሞ ጭራሽ ድምፅ የለውም። ባለ 1 ፈረስ የጉድጓድ ፓምፕ ነው፣ ደሴ። አያጉረመርምም፣ አይሞቅም። አንቱ ምን ይጠረጥራሉ?

ጥቅለላ_ቤት፦
ድምፅ ከሌለ መብራት አልደረሰም ወይም የሙቀት መከላከያው ተቆርጦ ቀርቷል። ሞርሴቶው (የገመድ ማሰሪያው) ላይ ሁለቱ ገመዶች መሃል ቮልት ለካ። 220 ካለና ሞተሩ ዝም ካለ ችግሩ ሞተሩ ውስጥ ነው። ከሌለ ወደ ኋላ ተመለስ፦ ፕሬሸር ስዊች (በውሃ ግፊት የሚያበራውና የሚያጠፋው)፣ ኮንታክተር (በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማብሪያ)፣ ታይመር፣ ብሬከር። ኮንታክተር ካለህ ክፈተው፤ ጉንዳን ሞቃት ቦታ ይወዳል፣ ነጥቦቹ መሃል ገብቶ ይሞትና እንዳይነካኩ ይለያቸዋል። ተንሳፋፊ ማብሪያ ካለህም በእጅህ አንሳው፤ ገመዱ ታንከሩ ግድግዳ ላይ ተጠምዝዞ "ውሃ የለም" እያለ ሊሆን ይችላል።

የጦሳ_ልጅ፦
የተንሳፋፊው ገመድ ነበር። አላህ ይስጥልን። አሁን ይዞራል፣ ውሃ ግን አያወጣም። ከፓምፑ እስከ ውሃው 7 ሜትር ነው፣ ሻጩ 8 ይስባል ብሎን ነበር።

ወልድያ_ቧንቧ፦
8 ሜትሩ የባሕር ጠረፍ ሒሳብ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ውሃን ቢበዛ 7.6 ሜትር ነው የሚያነሳው፤ ያውም ቱቦው ፍጹም ቢሆን። የቱቦው ፍትጊያ፣ የፉት ቫልቩ (ቱቦው ሥር ያለው ቫልቭ) ጫና ሲቀነስ እዚያ በተግባር ከ5 ሜትር በላይ አትመን። ፓምፑን ወደ ታች አውርደው ወይም ሰጣሚ ፓምፕ ግዛ። ቱቦ በመቀያየር አይፈታም።

ኡሙ_ሂባ፦
ለካሁ። ዘንጉ በእጅ ለስላሳ ይዞራል። ቅርጫቱ ደህና ነው፣ ቁንዶ በርበሬው ግን አለ። ጥቅልሉ 3.9፣ 7.6 እና 11.5 ኦም። ወደ አካሉ ምንም አያነብም። ካፓሲተሩ 11 ማይክሮፋራድ አነበበ!

ቮልቱን ደግሞ ፓምፑ ጋ ለካሁት። ሳይበራ 214፣ ሲያጉረመርም 171። ይህ ጤነኛ ነው? ኬብሉ ከቆጣሪው እስከ ፓምፑ 55 ሜትር፣ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ነው።

ጥቅለላ_ቤት፦
3.9 እና 7.6 ድምሩ 11.5። ጥቅልልሽ ሙሉ ነው፣ እንዳታስፈቺው። ካፓሲተሩ አልቋል።

ቮልት_ደሴ፦
ካፓሲተሩን ቀይሪ፣ ይነሳል። ግን 171 ላይ አትለፊ፣ ካፓሲተሩ ብቻ አይደለም ጥፋተኛው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በ55 ሜትር ባለ 1.5 መዳብ፣ መሄጃና መመለሻው 110 ሜትር፣ የገመዱ ሬዚስታንስ 1.28 ኦም ነው። ቮልቱ ስለወረደ ሞተሩ ለመነሳት በ35 ፈንታ 28 አምፔር ገደማ ሲስብ 36 ቮልት እዚያው ገመድ ላይ ይቀራል። አንቺ ያጣሽው 43 ነው። የቀረው 7 ቮልት ከቆጣሪው ወዲያ ባለው መስመርና በመጋጠሚያዎች ላይ ነው። የማስነሻ ጉልበት ከቮልቱ ስኩዌር ጋር ስለሚወርድ በ171 ቮልት የሚቀርሽ 60 ፐርሰንቱ ብቻ ነው። በዚያ ላይ የካፓሲተሩ ሁለት ሦስተኛ ሲጎድል አንድ ላይ ሆነው አቆሙት።

ኬብሉን ባለ 4 አድርጊው። ያኔ 0.48 ኦም ይሆናል፣ ሲነሳ የሚጠፋው 14 ቮልት ገደማ ብቻ። ባለ 2.5 ከሆነ 0.77 ኦም፣ 22 ቮልት። እሱም ይሠራል፣ ግን አንዴ ቦይ ከተቆፈረ ባለ 4 ይቀበር። መሃል ላይ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ ቅጥያ ካለ አውጪው፤ ሲያረጅ መጀመሪያ የሚሞቀው እሱ ነው።

ሌላው ሰዓቱ ነው። ማታ 12 ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ የሚጥድበት ሰዓት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎዋት ገደማ፣ 16 አምፔር ይስባል። ያንቺው ቤት ምጣድም ከዚያው መስመር ላይ ከሆነ 214ቱ ራሱ አይገኝም።

ወልድያ_ቧንቧ፦
ቦይ ከመቆፈር ባለ 5 ኪሎ ቮልት አምፔር ስታቢላይዘር ብትገዛስ? ገላግሌ ነው።

ቮልት_ደሴ፦
ወንድምዓለም፣ ስታቢላይዘሩን የት ታስቀምጠዋለህ? ቆጣሪው ጋ ካደረግኸው ቀጭኑ ገመድ ከሱ በኋላ ነው፣ 36ቱ ቮልት እንደተለመደው ይጠፋል። ፓምፑ ጋ ካደረግኸው ደግሞ 175 ገብቶት 220 ለማውጣት ከመስመሩ 9 አምፔርና ከዚያ በላይ ይስባል፤ ቀጭኑን ገመድ ይበልጥ ታሞቀዋለህ። ባለ ሰርቮው ሞተሩን አሽከርክሮ ቮልት እስኪያስተካክል ሰከንዶች ይፈጅበታል፣ ፓምፕ ደግሞ የሚነሳው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ቀኑን 180 ከሆነ ስታቢላይዘር ትርጉም አለው። እዚህ ግን በሽታው ግቢ ውስጥ ነው።

በሱ ፈንታ ርካሹን የቮልቴጅ መጠበቂያ ትግጠም። ዝቅተኛው 190፣ ከፍተኛው 245፣ መመለሻው 5 ደቂቃ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ያለውን መዋዠቅም ያሳልፍላታል።

ወልድያ_ቧንቧ፦
ገብቶኛል፣ በኬብሉ እስማማለሁ። ሰዓቱን ግን ወደ ቀትር እንዳትወስደው፣ ኮምቦልቻ ቀን ይሞቃል፣ የፓምፑ ቤትም ላሜራ ከሆነ ሞተሩ ይቀቀላል።

ሐይቅ_ገንዳ፦
ከሌሊቱ 5 ሰዓት ጀምሪው። ፓምፑ በሰዓት 12 ሜትር ኩብ የሚገፋ ከሆነ 45ቱን በ4 ሰዓት አንዴ ያዞረዋል፣ ከንጋቱ በፊት ያልቃል። ክሎሪኑም ሲመሽ ገብቶ ፀሐይ ሳያየው ይዋሃዳል። ጎረቤት ድምፅ ከረበሸው ከፓምፑ ሥር ጎማ አንጥፊ። ክሎሪን በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም፣ ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ) ከ7.2 እስከ 7.8 ሲሆን ነው ልጆች የሚገቡት።

የፓምፑ ቤት ላይ ግን አንድ ልጨምር። የክሎሪኑን ባልዲ እዚያ ውስጥ አታስቀምጪ። ትነቱ ተርሚናሉን አረንጓዴ ያደርገዋል፣ የፋኑን መሸፈኛ ዝገት ይበላዋል፣ ኮንታክተሩንም ያበላሻል።

ኡሙ_ሂባ፦
ክላስ ቢ ካፓሲተር ተገኘ፣ 30.4 ያነብባል። ኬብሉ ባለ 4 ገባ። አሁን ወዲያው ይነሳል፣ ሲነሳ 199 ድረስ ይወርድና 211 ላይ ይቆማል፣ 6.9 አምፔር። የቀረችኝ፦ ከሞተሩና ከፓምፑ መሃል በታች በኩል ውሃ ትንጠባጠባለች። በደቂቃ አስር ጠብታ ትሆናለች። ቀድሞም ሳትኖር አልቀረችም፣ ነጭ ጨው አለ እዚያ።

ጥቅለላ_ቤት፦
6.9 ከ7.2 በታች ነው፣ ጥሩ። ጠብታዋ ከ"መካኒካል ሲል" ነው፣ ማለትም ውሃ በዘንጉ ዙሪያ እንዳያልፍ ከሚያሽገው ክፍል። ነጩ ጨው ጠብታዋ የቆየች መሆኗን ይነግርሻል። አትናቂያት፤ ውሃው በዘንጉ ተከትሎ የፊተኛው ኩሽኔታ ውስጥ ይገባል፣ ግሪሱን ያጥባል፣ ከዚያ ኩሽኔታው ሲጮህ ነው የምታውቂው። ቀጥሎ ደግሞ ጥቅልሉ።

ሲሉ ሁለት ክፍል ነው። አንዱ ኢምፔለሩ ላይ ከስፕሪንጉ ጋር የሚቀመጠው፣ ሌላው ቤቱ ላይ በጎማው ተጨምቆ የሚገባው። ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ፤ አዲስ ፊት በአሮጌ ፊት ላይ አይገጥምም። አሮጌውን ይዘሽ ሂጂ፣ የዘንጉን ውፍረት በካሊፐር ለኪ፣ የመቀመጫውን ውጫዊ ስፋትም። ስትገጥሚው ሁለቱን ልሙጥ ፊቶች በጣት አትንኪ። ግሪስ አትቀቢ፤ ጎማውን በሳሙና ውሃ አርጥበሽ በእጅ ግፊት ቀጥ አድርገሽ አስገቢ። በመዶሻ የተመታ ሴራሚክ ሳይታይ ይሰነጠቃል።

እዚያው ከተፈታ ኩሽኔታዎቹንም ቀይሪ። ቁጥራቸው ጠርዛቸው ላይ አለ፣ በዚህ ልክ ሞተር 6203 ወይም 6204 ይበዛል። ሁለቱም ጎን ጎማ ክዳን ያለው ይሁን፣ ላሜራ ክዳን ያለውን ለውሃ ፓምፕ አልመርጥም። ፓምፑን ያለ ውሃ ለአንድ ደቂቃ እንኳ አታስነሺው፣ አዲሱ ሲል በደረቁ ይቃጠላል። ቅርጫቱን ቤት እስከ አፉ ውሃ ሞልተሽ፣ የክዳኑን ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) አጽድተሽ ዝጊና ከዚያ አብሪ።

ኡሙ_ሂባ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልን፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ሲሉን እስክናገኝ ፓምፑ ይሥራ ወይስ ይቁም?

ጥቅለላ_ቤት፦
ለሳምንት ያህል ይሥራ፣ ጠብታው ወደ ሞተሩ እንዳይረጭ ብቻ እዩት። ጠብታው ወደ ክር ከተለወጠ አቁሙት።

ቮልት_ደሴ፦
ከመሥራቱ በፊት ግን የኧርዝ ሊኬጅ ብሬከሩ ባለ 30 ሚሊ አምፔር መሆኑን እይ። በላዩ ያለችውን የመፈተሻ ቁልፍ ተጫኚያት፣ መውረድ አለበት። ካልወረደ ይቀየር፣ እስኪቀየር ፓምፑም አይብራ፣ ገንዳውም ውስጥ ሰው አይግባ። ጠብታ ያለበት ሞተር ከውሃ ጋር በአንድ ቱቦ ነው የተያያዘው። የገንዳው መውጫ መሰላል ብረት ከሆነ እሱም ከኧርዙ ጋር በገመድ መታሰር አለበት።

ኡሙ_ሂባ፦
ባለ 30 ነው፣ ሲጫኑት ወረደ። መሰላሉ ግን አልታሰረም። በስንት ገመድ ይታሰር?

ቮልት_ደሴ፦
ባለ 6 አረንጓዴ-ቢጫ። ማሰሪያው አይዝጌ ብረት ይሁን፣ ከውሃው መስመር በላይ።